ፕሮፌሰር አውጉስት ክሮግና የኦክሲጅን መንገድ

ስማቸው በዓለም ከታወቀው የዴንማርክ ሊቃውንት አንዱ ፕሮፌሰር አውጉስት ክሮግ ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1874 ዓ.ም. ግሬኖ በምትባል የወደብ ከተማ ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ነፍሳትን መመርመር ይወዱ ስለ ነበር፥ በ1893 ዓ.ም. ኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ ገብተው የእንስሳትን ጥናት ተማሩ። በኋላም የታላቁ ሊቅ የክርስቲያን ቦር ረዳት ሆኑ።

በዚያን ዘመን ሊቃውንቱን ያከራክር የነበረው ጥያቄ፥ ኦክሲጅን ከሳንባ ወደ ደም የሚገባው እንዴት ነው የሚል ነበር። ቦር፥ ሳንባው ራሱ በኃይሉ ወደ ደም ያስገባዋል ብለው ያስተምሩ ነበር፤ ክሮግም በመጀመሪያ ይህንኑ አምነው ነበር። ነገር ግን ሐኪም ከነበሩት ከባለቤታቸው ከማሪ ጋር ሆነው በረቀቀ መሣሪያ ቢለኩ፥ ኦክሲጅን ብዙ ካለበት ጥቂት ወዳለበት በራሱ ዘልቆ እንደሚገባ አገኙ። ይህም በሳይንስ ቋንቋ ዲፊውዥን ይባላል። የመምህርን ትምህርት መቃወም ቀላል ነገር አይደለም። ቢሆንም በ1910 ዓ.ም. ውጤቱን ሳይደብቁ፥ ለመምህራቸውም ምስጋናቸውን ሳያስቀሩ አሳተሙት።

እንዲህ ያለው ጉዞ ግን ለአጭር መንገድ እንጂ ለሩቅ አይበጅም፤ መንገዱ 10 እጥፍ ቢረዝም ጊዜው 100 እጥፍ ይሆናልና። ሴሎች ጥቃቅን ከሆኑባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ጎኑ 1 የሆነ ኩብ የገጹ ስፋት 6፥ ይዘቱም 1 ነው፤ ጎኑ 10 ቢሆን ግን ገጹ 600፥ ይዘቱ 1,000 ይሆናል። እንግዲህ ሴል በተለቀ ቁጥር ቤቱ ከበሩ ይልቅ ይሰፋል ማለት ነው፤ በበሩ የሚገባውም ለቤቱ አይበቃም።

ሴሉ ትንሽ ቢሆንም ደሙ ሊቀርበው ይገባል። ክሮግም ይህን ሲመረምሩ፥ ጡንቻ በሚያርፍበት ጊዜ ከቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ብዙዎቹ እንደሚዘጉ፥ በሚሠራበት ጊዜ ግን ተከፍተው ኦክሲጅኑን ወደ ሴሎቹ እንደሚያቀርቡ ገለጡ። ስለዚህም በ1920 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ባለቤታቸው ማሪ የስኳር በሽታ ነበረባቸው። ስለዚህ ክሮግ በ1922 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ በተጓዙ ጊዜ ካናዳ ድረስ ሄደው ኢንሱሊን ለመሥራት ፈቃድ አገኙ፤ በ1923 ዓ.ም. የዴንማርክ ሕሙማን በዚሁ መድኃኒት መታከም ጀመሩ። ክሮግ በ1949 ዓ.ም. በኮፐንሃገን ዐረፉ።

እኛም ተማሪዎች ከእኚህ ሊቅ ሕይወት የምንማረው፥ መምህርን ማክበርና እውነትን መከተል በአንድ ሰው ልብ አብረው ሊኖሩ እንደሚችሉ ነው።