ዜና ሕይወቱ ለአቡነ ፊልጶስ ዘደብረ አስቦ

አጣዬ ያለችበት የይፋት ምድር በዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን ብዙ ሠራዊት የተመላለሰበት ነው። የይፋቱ ገዥ ሰብረዲን መገዛቱን ትቶ በተነሣ ጊዜ፥ በ1324 ዓ.ም. ገደማ፥ ንጉሡ ዘምቶ ድል ነሣው። ይህን ብርቱ ንጉሥ በሕግ ያስጨነቀው ግን ጋሻና ጦር የያዘ ሰው አልነበረም፤ በሸዋ በደብረ አስቦ የሚኖር መነኵሴ ነበረ እንጂ።

ፊልጶስ ተወልዶ ያደገው በሸዋ ነው፤ ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት እግር ሥር ተምሮ መነኰሰ። አባቱ ካረፈ በኋላ ኤልሳዕ በመንበሩ ተቀመጠ፤ እርሱም ፈጥኖ ስላረፈ ፊልጶስ በ40 ዓመቱ ገደማ ሦስተኛ አበምኔት ሆነ። ጳጳሱ አቡነ ያዕቆብ ከግብፅ በመጣ ጊዜ ሸዋን ለ12 መምህራን ከፍሎ ንቡራነ እድ አድርጎ ሾመ፤ አለቅነቱንም ለፊልጶስ ሰጠ። ከዚያ ወዲያ የንጉሡ ትዳርም በእረኛው እጅ የሚጠየቅ ነገር ሆነ።

ንጉሡ የአባቱን ሚስት ወስዷል የሚል ነቀፋ በመነኮሳት ዘንድ አስቀድሞ ነበረ። ያዕቆብና ፊልጶስ ደግሞ ንጉሥም እንደ ማንኛውም ክርስቲያን በአንዲት ሚስት ይወሰን ብለው ጸኑ። የቤተ መንግሥቱም ምክንያት ቀላል አልነበረም፤ በዚያ ዘመን የነገሥታት ጋብቻ አገርን ከአገር ማሰሪያ ነበረና። ፍትሐ ነገሥት በግእዝ ተተርጕሞ ከመነበቡ በፊት ስለ ሆነ፥ ክርክሩ የቆመው በቅዱሳት መጻሕፍትና በአባቶች ሥርዓት ላይ ነው።

ፊልጶስ ተገርፎ ተሰደደ። አኖሬዎስም ሲገረፍ ደሙ እሳት ሆኖ የንጉሡን ሰፈር አቃጠለ ተብሎ ይተረካል። ከእሳቱ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ስደቱ ነው፤ ለቅጣት የተበተኑት መነኮሳት በደረሱበት አገር ሁሉ ወንጌልን አስተማሩ።

በእንግሊዝ አገርም፥ የመስቀል ጦረኞች ኢየሩሳሌምን ይዘው በነበሩበት ዘመን፥ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ቶማስ ቤኬት ከንጉሥ ሄንሪ 2ኛ ጋራ ተጣልቶ ነበር፤ ጥፋት ያደረጉ ካህናት በማን ችሎት ይዳኙ በሚል ነገር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1170 በገዛ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ በንጉሡ ጭፍሮች ሰይፍ ሞተ። የቤኬት ክርክር ስለ ካህናት መብት ነበረ፤ ፊልጶስ ግን በዚህ ክርክር ለደብሩም ለካህናቱም የሚሆን ጥቅም አልፈለገም።

በ1336 ዓ.ም. ዓምደ ጽዮን ሞተ። ልጁ ሰይፈ አርዕድ ነግሦ ስደተኞቹን መለሰ፤ በአንዲት ሚስት ለመወሰንም ቃል ገባ። ኋላ ግን ቃሉን አፍርሶ 3 ሚስቶች አገባ። ፊልጶስ በዚያን ጊዜ ወደ 70 ዓመት ቀርቦ ነበር፤ የፊተኛው ግርፋት ከሥጋው አልጠፋም፥ ወደ በዓቱም ከተመለሰ ገና ጥቂት ጊዜው ነው። ዝም ቢል የሚወቅሰው ሰው ባልተገኘም ነበር። ነገር ግን ለአባት የተነገረው ሕግ ለልጅ ሊለወጥ አይችልምና ወደ ንጉሡ ቀርቦ ያንኑ ነገር ደገመለት። ያዕቆብ ወደ ግብፅ ተመለሰ፤ ፊልጶስም ዳግመኛ ተገርፎ ተሰደደ፤ በ1340 ዓ.ም. ገደማ በስደት አገር አረፈ፥ ደብሩንም አላየም።

ከ90 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብረ አስቦን ደብረ ሊባኖስ ብሎ ሰየማት። ከዚያም በአበምኔቱ በመርሐ ክርስቶስ ዘመን የፊልጶስ ዐፅም ከስደቱ አገር ተነሥቶ ወደ ደብሩ ገባ።