ከመምህርነት ወደ ጥብቅና፦ የቤልቫ ሎክውድ ሕይወት

ውድ እህቶች፣ ከመካከላችን ልጅ እያሳደግን፣ ቀን ሥራ እየዋልን፣ ማታ ሕግ ለመማር የምናስብ አለን። ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የሚጎትተን ዕድሜያችን አልፏል የሚለው ሐሳብ ነው። ስለዚህ አሜሪካዊቷን ቤልቫ ሎክውድን እናስተዋውቃችሁ። ዓመታቱ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ቤልቫ በ1830 በኒውዮርክ ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደች። በ18 ዓመቷ አገባች፤ በ22 ዓመቷ ባሏ ሞቶባት ከትንሽ ልጇ ጋር ቀረች። ልጇን ይዛ ተምራ በ1857 ከኮሌጅ ተመረቀች። በመምህርነት ስትሠራ ግን የሚከፈላት ወንዶቹ ከሚያገኙት ግማሹ ነበር። እኛ የደመወዝ መዝገብ ስንሠራ የምንውል ሴቶች፣ ግማሽ ደመወዝ በአንድ ቤት ጓዳ ምን እንደሚያጎድል እናውቃለን።

በ1866 ወደ ዋሽንግተን ሄደች። ሕግ ለመማር ስታመለክት አንድ ኮሌጅ የወንዶቹን ሐሳብ ትበትናለች ብሎ መለሳት። በ1871 ሌላ ትምህርት ቤት ሲቀበላት 40 ዓመቷ ነበር። ትምህርቱን ከጀመሩት 15 ሴቶች የጨረሱት ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ እሷ ነበረች። ይሁንና ዲፕሎማዋን ከለከሏት። እሷም የትምህርት ቤቱ የበላይ ለነበሩት ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት ለግራንት ደብዳቤ ጻፈች። በ1873 ዲፕሎማዋን ተቀበለች፤ የጥብቅና ፈቃድም አገኘች። ያለዚያ ወረቀት የተማረችው ሁሉ ከቤቷ ደጃፍ ባላለፈ ነበር።

በ1876 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሴት በመሆኗ በፊቱ እንዳትከራከር ከለከላት። ቤልቫ ደንቡ ይህ ከሆነ ደንቡ ይለወጥ ብላ ወደ ኮንግረስ ተመላለሰች። በ1879 የሚፈቅደው ሕግ ወጣ፤ በ1880 በዚያ ፍርድ ቤት የተከራከረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ሴቶች ድምፅ መስጠት በማይችሉበት በ1884 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳደረች። በ1906፣ በ75 ዓመቷ፣ ለቼሮኪ ሕዝብ ተሟግታ አምስት ሚሊዮን ዶላር ገደማ አስፈረደች። ያረፈችው በ1917 ነው።

አርባ ዓመት ላይ ጀምራ ከሠላሳ ዓመት በላይ በጥብቅና ሠርታለች። ሒሳቡን ስናሰላው ዕድሜ አላነሳትም። በተከለከለች ቁጥርም ወሳኙ ማን እንደሆነ ለይታ፣ ለእሱ በጽሑፍ አመለከተች። ይህን እኛም ማድረግ እንችላለን።

ለመማር ያሰባችሁ እህቶች፣ የማታ ትምህርት ክፍያውን ጠይቃችሁ ወደሚቀጥለው ስብሰባ ይዛችሁ ኑ። ከቁጠባችን ምን ያህሉ እንደሚሸፈን አብረን እናሰላለን።