የብርሃን መርማሪ የኢብን አል ሃይሰም ታሪክ

ለሰው አምስት ሕዋሳት አሉት፤ እነርሱም ማየት፥ መስማት፥ ማሽተት፥ መቅመስ፥ መዳሰስ ናቸው። በዓለም ያለው ነገር ወደ እኛ የሚደርሰው በእነዚህ በአምስቱ በሮች ገብቶ ነው። ነገር ግን በር የገባው እንግዳ ማን እንደ ሆነ አያውቅም፤ የሚያውቀው በቤቱ ውስጥ የተቀመጠው ባለቤት ነው። እንዲሁም ዓይን ብርሃንንና ቀለምን ይቀበላል፤ የታየው ነገር ምን እንደ ሆነ የሚፈርደው ግን ልቡና ነው። ይህን ነገር ከብዙዎች አስቀድሞ ጠንቅቆ የመረመረ አንድ የጥንት ሊቅ ነበረና፥ ዛሬ የእርሱን ታሪክ እናነባለን።

ስሙ አል ሐሰን ኢብን አል ሃይሰም ይባላል። የተወለደው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ965 ገደማ፥ ዛሬ ኢራቅ በሚባለው አገር በባስራ ከተማ ነው። በዚህ ታሪክ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። እርሱም ሒሳብንና የከዋክብትን አካሄድ ተማረ፤ የግሪክ ሊቃውንት የጻፏቸውን መጻሕፍትም በዐረብኛ ተተርጕመው አግኝቶ አነበበ።

በዚያ ዘመን ግብፅን ይገዛ የነበረው ኸሊፋ አል ሐኪም ነበረ። የግብፅ ሰዎች ኑሮ በዓባይ ወንዝ ላይ የቆመ ነው። ክረምት በእኛ በኢትዮጵያ ደጋ ሲዘንብ ዓባይ ሞልቶ ወደ እነርሱ ይወርዳል፤ በዚያን ጊዜም ውሃው ቢያንስ ረኃብ፥ ቢበዛ ጥፋት ይሆንባቸው ነበር። የሕይወቱን ታሪክ የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፥ ኢብን አል ሃይሰም የዓባይን ውሃ የሚያስተካክል ሥራ መሥራት እንደሚችል ተናግሮ ነበረ። ኸሊፋውም ይህን ሰምቶ ወደ ግብፅ አስጠራው፤ ሠራተኞችንም ሰጥቶ ወደ ደቡብ ወደ አስዋን ሰደደው።

ኢብን አል ሃይሰም በመንገዱ ሳለ የጥንት ግብፃውያን የሠሯቸውን ታላላቅ ሕንፃዎች አየ። ያን ጊዜም፥ እንዲህ ያለ ጥበብ የነበራቸው ሰዎች ዓባይን መገደብ ቢቻላቸው ኖሮ ቀድመው ባደረጉት ነበር ብሎ በልቡ አሰበ። ወደ ወንዙ ደርሶ ስፍራውን በዓይኑ በተመለከተ ጊዜ፥ በሩቅ አገር ሆኖ በሐሳቡ የሣለው ነገርና በፊቱ ያለው ነገር አንድ እንዳልሆነ አስተዋለ። ስለዚህ ወደ ካይሮ ተመልሶ ሥራው በእጁ እንደማይፈጸም ለኸሊፋው ነገረው።

ይህን መናገር ቀላል ነገር አልነበረም። አል ሐኪም በቍጣው የታወቀ፥ ብዙ ሹማምንትንም ያስገደለ ገዥ ነበረና። ለጊዜው ሹመት ቢሰጠውም፥ ኢብን አል ሃይሰም ስለ ነፍሱ ፈርቶ እንዳበደ ሰው ሆነ ይባላል። ስለዚህም ገንዘቡ ተወስዶ በቤቱ ውስጥ ተዘግቶበት ተቀመጠ። በ1021 ኸሊፋው በሌሊት ወጥቶ በጠፋ ጊዜ ግን አእምሮው ደኅና መሆኑን ገለጠ። ከዚያም በኋላ በካይሮ መጻሕፍትን እየገለበጠ፥ ለገልባጭነቱ በሚከፈለው ዋጋ በትሕትና ኖረ። በአስዋን ታላቁ ግድብ ተሠርቶ የተፈጸመው ከ900 ዓመት በላይ ቈይቶ በ1970 ነው፤ ስለዚህ በእርሱ ዘመን መሣሪያ አይቻልም ማለቱ እውነት ነበረ።

ከብዙ መጻሕፍቱ ሁሉ የሚበልጠው ስለ ማየት የጻፈው ሰባት ክፍል ያለው መጽሐፍ ነው። ከእርሱ በፊት እንደ ኤውክሊድና እንደ በጥሊሞስ ያሉ ሊቃውንት፥ ዓይን ጨረር ወደ ውጭ እየላከ ነገሮችን እንደ እጅ የሚዳስስ ይመስላቸው ነበር። ኢብን አል ሃይሰም ግን ስማቸው ታላቅ ስለ ሆነ ብቻ ቃላቸውን አልተቀበለም። ፀሐይን የተመለከተ ሰው ዓይኑን ለምን ያመዋል? ብርቱ ብርሃን አይቶ ዓይኑን የጨፈነ ሰውስ መልኩ ለምን በፊቱ ይቀርለታል? ይህ የሚሆነው ብርሃን ከውጭ መጥቶ ዓይንን ስለሚነካ ነው ብሎ አስተማረ።

ይህንንም በነገር ብቻ አልተወውም፤ በሥራ ፈተነው። በአንድ ጨለማ ክፍል ግድግዳ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አደረገ፤ ከቀዳዳው ውጭም ብዙ መብራቶችን ለየብቻ አቆመ። በውስጥ ባለው በፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ በመብራቶቹ ቍጥር ልክ የብርሃን ነጥቦች ታዩ። አንዱን መብራት በከለለ ጊዜ የዚያ መብራት ነጥብ ብቻ ጠፋ፤ መክደኛውን ባነሣ ጊዜ ተመልሶ ታየ። ከዚህም ብርሃን በቀጥታ መስመር እንደሚሄድ፥ ብዙ ብርሃንም በአንዲት ቀዳዳ ሲያልፍ እርስ በርሱ እንደማይደባለቅ ዐወቀ። ልጆች ሆይ፥ እናንተም በጨለማ ቤት ውስጥ ይህን ብታደርጉ ያየውን ታያላችሁ።

ከዚህ ቀጥሎ ኢብን አል ሃይሰም ሌላ ጥያቄ ጠየቀ። ዓይን የሚቀበለው ብርሃንና ቀለም ብቻ ከሆነ፥ ይህ ሰው ነው፥ ይህ ዛፍ ነው፥ ይህ ሩቅ ነው፥ ይህ ቅርብ ነው የምንለው በምን ነው? መልሱም ልቡና ቀድሞ ካወቀው ነገር ጋር እያስተያየ ይፈርዳል የሚል ነው። ፍርዱ እጅግ ፈጣን ስለ ሆነ፥ መፍረዳችንን ራሳችን አናስተውለውም።

ለዚህም ነገር የሰጠው አንዱ ምሳሌ የማንበብ ምሳሌ ነው። ማንበብ የማያውቅ ሰው በወረቀት ላይ ጥቍር መስመር ብቻ ያያል። ጀማሪ ተማሪ ፊደሉን አንድ በአንድ ይቈጥራል። ማንበብ የለመደ ሰው ግን የሚያውቀውን ቃል ገና እንዳየው በአንድ ጊዜ ያውቀዋል። የሦስቱም ዓይን የተቀበለው አንድ ነው፤ የተለየው የልቡናቸው ልምድ ነው። ደግሞ ልዩ ልዩ ቀለም የተቀባ፥ እንደ እንዝርት የሚሾር መጫወቻ በብርቱ ሲሽከረከር አንድ ቀለም ብቻ ሆኖ እንደሚታይ ጻፈ። ከዚህም ለይቶ ለማየት ጊዜ እንደሚያስፈልግ አስረዳ።

በእኛም አገር ይህን የሚያስረዳ ብዙ ነገር አለ። ከሜጋ ብዙ በማይርቀው በኤል ሶድ፥ ጨው ቤት በሚባለው ጥልቅ ጕድጓድ ጫፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ታች ብትመለከቱ፥ በጥቍሩ ሐይቅ ዳር የሚሠሩት ሰዎችና የሚጫኑት አህዮች እንደ ጕንዳን ሆነው ይታያሉ። ነገር ግን ሰዎች ጕንዳን ሆኑ ብሎ የሚጮኽ የለም። ዓይን ትንሽ አድርጎ ያሳየውን፥ ልቡና ርቀቱን ዐስቦ ያርመዋልና። ወደ ሐይቁ የሚገቡት ጨው አውጪዎች ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነው በመዳሰስ ይሠራሉ፤ ልምድ ያስተማረው እጅ ለእነርሱ እንደ ዓይን ይሆንላቸዋል።

ልቡናም የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። በበጋ ቀትር በቆላው ሜዳ ላይ የሚሄድ መንገደኛ ከፊቱ ውሃ የተኛ ይመስለዋል፤ ሲቀርብ ግን ደረቅ መሬት ያገኛል። ይህ የሚሆነው መሬቱ የጋለ እንደ ሆነ በአጠገቡ ያለው ሞቃት አየር ከሰማይ የሚመጣውን ብርሃን አጕብጦ ወደ ዓይን ስለሚልከው ነው። ዓይኑ አልዋሸም፤ የተቀበለው እውነተኛ ብርሃን ነው። ውሃ ነው ብሎ የፈረደው የተጠማው መንገደኛ ነው። ጨረቃም ከምድር ጫፍ ስትወጣ ታላቅ፥ በሰማይ መካከል ስትሆን ታናሽ ትመስላለች፤ እርስዋ ግን አልተለወጠችም። ኢብን አል ሃይሰም ይህንንም መርምሮ፥ የሚለወጠው የእኛ ፍርድ እንደ ሆነ አስተማረ።

ይህ ሊቅ በ1040 ገደማ በካይሮ ሞተ። መጽሐፉ ግን በ1200 ገደማ ወደ ላቲን ቋንቋ ተተርጕሞ በአውሮፓ ብዙዎች ተማሩበት፤ በ1572ም በባዝል ከተማ ታተመ። እርሱ የማየት ኀይል በዓይን መካከል ባለው ብርሌ በሚመስለው ክፍል የሚፈጸም መስሎት ነበር። በ1604 ኬፕለር የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ፥ የሚታየው ነገር መልክ ከዓይን በስተኋላ ባለው ስስ ቆዳ ላይ ተገልብጦ እንደሚሣል አስረዳ። ይህም ለኢብን አል ሃይሰም ውርደት አይደለም። የቀደሙትን ሊቃውንት ጽሑፍ ያለ ምርመራ አትቀበሉ፥ የራሳችሁንም አሳብ ጠርጥሩ ብሎ ያስተማረ እርሱ ራሱ ነውና።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው። አንድ እረኛ በምሽት ነጭ ልብስ የለበሰ ረጅም ሰው ፍየል ሲነዳ ከሩቅ ቢያይ፥ ያየው ነጭ ልብስና ረጅም ቁመና ነው። እገሌ ፍየላችንን ሰረቀ ብሎ ቢናገር ግን ስሙን የጨመረው ልቡናው እንጂ ዓይኑ አይደለም። በዚያ ቃል ንጹሕ ሰው ሊታሰር፥ ጎረቤትና ጎረቤትም ደም ሊቃባ ይችላል። ስለዚህ አየሁ ከማለታችሁ በፊት፥ ዓይናችሁ የተቀበለው የትኛው እንደ ሆነ፥ ልባችሁም የጨመረው የትኛው እንደ ሆነ ለዩ። ቀርባችሁ ማየት የሚቻላችሁን ቀርባችሁ እዩ፤ ያላወቃችሁትንም አላውቅም በሉ። ኢብን አል ሃይሰም በቍጡ ኸሊፋ ፊት እንኳ አይቻልም ለማለት አላፈረም።