ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ

ወደ አራዳ የሄደ ሰው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም ሳይርቅ የአገር ፍቅር ቴአትርን ያገኛል። ይህ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ቤት በአገራችን ከሚገኙት አንጋፋ ቴአትር ቤቶች አንዱ ነው። ተማሪዎች ሆይ፣ ዛሬ እንዲህ ወዳለ ቤት ብትገቡ ሴቶችና ወንዶች ጎን ለጎን ቆመው ሲተውኑ ታያላችሁ፤ ነገሩ የተለመደ ስለ ሆነም አያስደንቃችሁም። ቀድሞ ግን እንዲህ አልነበረም። እናትንም ሆነ ሙሽራን መስለው የሚጫወቱት የሴት ቀሚስ የለበሱ ወንዶች ነበሩ። በኋላ አባባ ተስፋዬ ተብለው የታወቁት ተስፋዬ ሳህሉ እንኳ በወጣትነታቸው ሴት ሆነው ይጫወቱ ነበር። ስዊድን ተወልዳ በአሜሪካ ፊልም የገነነችው ግሬታ ጋርቦና የሙያ ጓደኞቿ በዓለም ሁሉ ሲደነቁ፣ በእኛ አገር መድረክ ላይ የወጣች ሴት ስሟ ይጠፋ ነበር።

ይህ ለምን ይመስላችኋል? በዚያን ጊዜ ሕዝቡ ዘፈን ይወድ ነበር፤ ዘፋኙን ግን አያከብርም ነበር። አዝማሪ የሚለው ቃል እንደ ስድብ ይቆጠር ነበር። በገናን የዳዊት መሣሪያ ነው ብሎ የሚያከብር ሰው ክራርን የሰይጣን ነው እያለ ይንቀው ነበር። ክራር ይዛ ለምትዘፍን ሴት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ስም ይወጣላት ነበር።

ወይዘሮ አስናቀች ወርቁ ይህን ሁሉ እያወቁ ነው ወደ መድረክ የወጡት። የተወለዱት በአዲስ አበባ በስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። እናታቸውን ገና በሕፃንነታቸው ስላጡ በክርስትና እናታቸው እጅ አደጉ። ክራር መምታትን የተማሩት ከመምህር ሳይሆን በገዛ ጆሯቸውና በገዛ ጣታቸው እየሞከሩ ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤቱ የቴአትር ክፍል ትወና ጀመሩ። ስለዚህም ወይዘሮ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴን ከመሰሉ ጥቂት ሴቶች ጋር የኢትዮጵያን መድረክ ለሴቶች ከከፈቱት ቀዳሚዎች አንዷ ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ማለትም የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ከተከፈተ በኋላም በዚያ ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል።

ሙያቸው በትወና ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ክራራቸውን ታቅፈው ሲቀመጡ ግጥሙን ከዜማው ጋር እያዋሐዱ ፍቅርንና ናፍቆትን ይገልጡ ነበር። ሴት ልጅ የልቧን በአደባባይ መናገሯ እንደ ነውር በሚታይበት ዘመን፣ እርሳቸው ያለ ፍርሃት ተናገሩት። ሲነቀፉ መልሳቸው ጠብ ሳይሆን ሥራ ነበር። በዚህም የተነቀፈው ክራር የክብራቸው ምክንያት ሆነ። በ2003 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ አገር የሚታተመው ኢትዮፒክስ የተባለው የሙዚቃ ስብስብ 16ኛውን ቅጽ ለእርሳቸው ዘፈኖች ብቻ አዋለው።

ወይዘሮ አስናቀች በመስከረም ወር 2004 ዓ.ም. ዐረፉ። በ2013 እ.ኤ.አ. ደግሞ አስኒ የተባለ ዘጋቢ ፊልም ስለ ሕይወታቸው ተሠርቶ ታየ። እነሆ፣ በወጣትነታቸው የተናቀ ሙያ የያዙት ሴት ታሪካቸው ለትውልድ የሚተርፍ ሆነ። እናንተም አንድን ሙያ ከመናቃችሁ በፊት በዚያ ሙያ ያለውን ድካምና ጥበብ መርምሩ።

መልመጃ

1. ክራር የተናቀበትን ምክንያት በራሳችሁ አባባል ግለጡ።
2. «ታቅፈው»፣ «ነውር» እና «እያዋሐዱ» የሚሉትን ቃላት በዐረፍተ ነገር ውስጥ አግብታችሁ ጻፉ።
3. በአካባቢያችሁ ሰዎች የሚንቁትን አንድ ሙያ መርጣችሁ ጥቅሙን የሚያስረዳ ሁለት አንቀጽ ድርሰት አዘጋጁ።