ኒልስ ቦር፦ ከብረታት ማግኔትነት እስከ አዮኖች ጉዞ

ከኮባልትና ከፕላቲነም የተሠሩ፣ የእያንዳንዳቸው ውፍረት ከጥቂት ናኖሜትር የማይበልጥ ድርብርብ ንጣፎች በፈጣን አዮኖች ሲመቱ ማግኔታዊ ባሕርያቸው ይለወጣል። ይህን ክስተት የሚመረምር ሰው ሁለት ጥያቄዎች ይጠብቁታል። አዮን በቁስ አካል ውስጥ ሲያልፍ ጉልበቱን የሚያጣው እንዴት ነው? የብረቱስ ማግኔትነት ከምን ይመነጫል? ዴንማርካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኒልስ ቦር ሁለቱንም ጥያቄዎች ገና በወጣትነታቸው አንስተዋቸው ነበር። ስማቸው የገነነው በአቶም ሞዴላቸው ቢሆንም፣ ይህ አጭር ጽሑፍ ሕይወታቸውን በእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በኩል ይቃኛል።

ቦር ኦክቶበር 7 ቀን 1885 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን ተወለዱ። አባታቸው ክርስቲያን ቦር የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ነበሩ። ልጃቸው ሜይ 13 ቀን 1911 የዶክትሬት ጥናታቸውን ሲከላከሉ ግን አባት በሕይወት አልነበሩም፤ ጥቂት ወራት ቀደም ብለው አርፈዋል። ጥናቱ የብረታትን የኤሌክትሮን ንድፈ ሐሳብ የሚፈትሽ ሲሆን፣ የደረሰበት ውጤት ያልተጠበቀ ነበር። በዘመኑ የታወቁት የሜካኒክስና የኤሌክትሮማግኔቲዝም ሕጎች ብቻ የሚሠሩ ከሆነ፣ በሙቀት ሚዛን ላይ ያሉ ኤሌክትሮኖች ለብረት ማግኔትነት ሊሰጡት አይችሉም። ማግኔት ግን በዓለም ላይ አለ። ስለዚህ የጎደለው ሕጉ ነበር።

ቦር በዚያው ዓመት ወደ ካምብሪጅ ሲሄዱ ጥናቱን በእንግሊዝኛ አስተርጉመው ቢይዙትም የሚያሳትምላቸው አላገኙም። ይኸው ውጤት በ1919 በሆላንዳዊቷ ሄንድሪካ ቫን ሌዌን ለብቻው እንደገና ተደረሰበት፤ ዛሬ በሁለቱም ስም ይጠራል።

በ1912 ወደ ማንቸስተር፣ ወደ ኧርነስት ራዘርፎርድ ቤተ ሙከራ ተሻገሩ። በዚያም የአልፋ ቅንጣቶች በቁስ አካል ውስጥ ፍጥነታቸው የሚቀንስበትን ምክንያት መረመሩ። ከእርሳቸው በፊት የቀረበው ስሌት ኤሌክትሮኖችን ከአቶሙ ጋር እንዳልታሰሩ አድርጎ ይቆጥር ነበር። ቦር ማሰሪያውን በስሌቱ ውስጥ አስገቡት። ቅንጣቱ ከኤሌክትሮኑ የመወዛወዣ ጊዜ ባነሰ ቅጽበት ካለፈ ጉልበት ይሰጠዋል፤ ቀስ ብሎ ካለፈ ግን ኤሌክትሮኑ ጉልበት ሳይወስድ ወደ ቦታው ይመለሳል። ሥራው በ1913 ታተመ፤ ይህ ዓመት ዝነኛው የአቶም ሞዴላቸው የወጣበት ዓመት ነው።

በ1921 በኮፐንሃገን ተቋማቸውን ከፈቱ፤ በ1922 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ወደ ቀድሞው ጥያቄ የመለሳቸው የዩራኒየም መሰንጠቅ ነው። ከስንጥቁ የሚወጡት ስባሪዎች እጅግ ከባድ አዮኖች በመሆናቸው፣ በ1940 አካሄዳቸውን አጠኑ። እናታቸው ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለዱ ስለነበሩ፣ በጀርመን ወረራ ዘመን በ1943 በባሕር ወደ ስዊድን አመለጡ። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1948፣ ስለ ቅንጣቶች በቁስ አካል ውስጥ ማለፍ የጻፉትን ሰፊ ድርሳን አሳተሙ። በውስጡም በኤሌክትሮኖች የሚደርሰውን የጉልበት ኪሳራ ከአቶሞች ጋር በመላተም ከሚደርሰው በግልጽ ለዩ። ኖቬምበር 18 ቀን 1962 በተወለዱበት ከተማ አረፉ። በማግሥቱ ዓመት የንስ ሊንድሃርድና ባልደረቦቻቸው በዚሁ መሠረት ላይ አዮኖች የሚደርሱበትን ጥልቀት የሚያሰላ ንድፈ ሐሳብ አቀረቡ።

በ1998 በፈረንሳይ የሚገኙ ተመራማሪዎች የኮባልትና የፕላቲነም ንጣፎችን በ30 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የሂሊየም አዮኖች መቱ። ቀላሉ ሂሊየም ንጣፎቹን አልፎ ከሥራቸው ባለው ደጋፊ አካል ውስጥ ይቆማል፤ በመንገዱ ላይ ግን አንዳንድ አቶሞችን በጥቂቱ ያፈናቅላል። ይህች ጥቂት መፈናቀል የሁለቱን ብረታት ወሰን ታደበዝዛለች። ማግኔትነቱን ከንጣፉ ወለል ጋር ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው ያ ወሰን ስለሆነ፣ አቅጣጫውን ለመገልበጥ የሚያስፈልገው መስክ ይቀንሳል። መጠኑ ሲበዛ ንጣፉ በክፍል ሙቀት ቋሚ ማግኔትነቱን ያጣል።

እንግዲህ በዚህች ስስ ንጣፍ ላይ የቦር ሁለት ጥያቄዎች ይገናኛሉ። የአዮኑ ጉዞ የሚሰላው እርሳቸው በጀመሩት መንገድ ነው። የማግኔትነቱ ምንጭ ደግሞ በኳንተም ሕግና በኤሌክትሮን ስፒን ተብራርቷል፤ መልሱ በቀድሞዎቹ ሕጎች ውስጥ እንደማይገኝ ግን አሳታሚ ያጣው የ1911 ጥናት አስቀድሞ አሳይቶ ነበር።