ፖል ላንዥቫንና የባሕር ውስጥ ድምፅ

ከመርከብ ሆነው በገመድ የሚመሩት ሮቦት በጥልቅ ባሕር ውስጥ የት እንደ ደረሰ ለማወቅ የሳተላይት ምልክት አይረዳም፤ የሬዲዮ ሞገድ በጨው ውኃ ውስጥ ብዙም ሳይጓዝ ይጠፋልና። ስለዚህ ከመርከቡ ሥር የተተከለው መሣሪያ የድምፅ ምት ይልካል፤ በሮቦቱ ላይ የተገጠመው መሣሪያም ምቱን ሰምቶ በድምፅ ይመልሳል። ድምፅ በባሕር ውኃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የደርሶ መልሱ ጊዜ ርቀቱን ይገልጣል። ምላሹ ጎን ለጎን ወደ ተደረደሩት ተቀባዮች የሚደርስበት እጅግ ጥቂት የጊዜ ልዩነት ደግሞ አቅጣጫውን ያሳያል። ለዚህ ሁሉ ኤሌክትሪክን ወደ ድምፅ፣ ድምፅንም ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ አካል ያስፈልጋል። በባሕር ውስጥ በሚገባ የሚሠራ እንዲህ ያለ አካል ያበጀው ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ላንዥቫን ነው።

ላንዥቫን እ.ኤ.አ. በ1872 በፓሪስ ተወለደ። በከተማይቱ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ትምህርት ቤት ካስተማሩት አንዱ ፒየር ኩሪ ነበር። ኩሪ ከወንድሙ ከዣክ ጋር በ1880 ኳርትዝና መሰል ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያመነጩ አሳይቶ ነበር። ግኝቱ ግን ለረጅም ዘመን ከቤተ ሙከራ እምብዛም አልወጣም። ላንዥቫንም ቢሆን አስቀድሞ የታወቀው በማግኔት ጥናቱ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች የተባባሪዎቹን መርከቦች ሲያሰጥሙ፣ ሩሲያዊው መሐንዲስ ኮንስታንቲን ቺሎቭስኪ ጆሮ የማይሰማውን ረቂቅ ድምፅ ወደ ውኃ ልኮ የገደል ማሚቶውን የመጠበቅ ሐሳብ አቀረበ። ላንዥቫን በ1915 ሥራውን ከእርሱ ጋር ጀመረ። በ1917 ወደ መምህሩ ኳርትዝ ተመለሰ፤ ችግሩም እዚህ ላይ ነበር። ክሪስታሉ ብቻውን በተፈለገው ድግግሞሽ እንዲርገበገብ የብዙ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይሻል፤ ወፍራም ክሪስታልን ለማርገብገብ ደግሞ እጅግ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያስፈልጋል። ላንዥቫን ቀጫጭን የኳርትዝ ቁራጮችን እንደ ወለል ንጣፍ ደርድሮ በሁለት የብረት ሳህኖች መካከል አጣበቃቸው። ብረቱና ኳርትዙ እንደ አንድ አካል ስለሚርገበገቡ የውፍረቱን ድርሻ ብረቱ ወሰደ። ያው አካል ድምፁን ይልካል፣ ማሚቶውንም ይቀበላል። በ1918 ከሰርጓጅ መርከብ የተመለሰ ማሚቶ ተሰማ፤ መሣሪያው በሰፊው ሳይሠራበት ግን ጦርነቱ አበቃ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከማሚቶው ይልቅ የሚደነቀው ይህ የብረትና የክሪስታል ጥምረት ነው። ዛሬ የኳርትዙን ስፍራ ሴራሚክ ቢወስድም አሠራሩ በስሙ ይጠራል።

ላንዥቫን በ1930ዎቹ ፋሺዝምን በግልጽ ተቃወመ። ጀርመኖች ፓሪስን በያዙበት በ1940 ጌስታፖ አሰረው፤ በኋላም በትሯ ከተማ በቁም እስር ቆየ። የፊዚክስ ተመራማሪ የነበረው አማቹ ዣክ ሶሎሞን በ1942 ተረሸነ፤ ሴት ልጁ ኤሌን ወደ አውሽቪትዝ ተጋዘች፤ በሕይወትም ተመለሰች። እርሱ ራሱ በ1944 ወደ ስዊዘርላንድ አመለጠ። በ1946 በፓሪስ አረፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም አጽሙ ፈረንሳይ ታላላቆቿን ወደምታሳርፍበት ወደ ፓንቴዎን ተዛወረ።