የነጋድራሱ ሒሳብ

ጀርመኖች ጌኦርግ ብዩክነር የሚባል ጸሐፌ ተውኔት አላቸው። ሕክምና ሲማር፣ እ.ኤ.አ. በ1834፣ ገበሬው የሚከፍለውን ግብር በቁጥር እየዘረዘረ ለአመፅ የሚጠራ ጽሑፍ በምስጢር አሠራጨ። በ1837 በ23 ዓመቱ ተስቦ ገደለው። «ቮይጼክ» የተባለው ተውኔቱ የታተመው ከ42 ዓመት በኋላ ነው።

የሱን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር የኛው ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ትዝ ይለኛል። ተውኔት አልጻፈም፤ አመፅም አልጠራም። ግን እሱም ጀርመን ሕክምና ተምሯል፤ ድህነትን በሒሳብ ጽፏል፤ ዋናው መጽሐፉ ሳይታተምም ሞቷል።

እ.ኤ.አ. በ1886 አድዋ አጠገብ ተወለደ። በልጅነቱ ወደ ኤርትራ ተሰዶ የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባ። ከምጽዋ መርከብ ላይ ተደብቆ (ያለ ቪዛ፣ ያለ ዲቪ!) አውሮፓ ደረሰ። ሀብታም የኦስትሪያ ቤተሰብ አሳደገው፤ በርሊን ተማረ። እዚያው መቅረት ይችል ነበር። ተመልሶ የአጤ ምኒልክ ጸሐፊና አስተርጓሚ ሆነ።

በ1912 አሥመራ በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ግብር በቁርጥ እንዲሆን፣ የመንግሥት ገንዘብ ከንጉሡ የግል ሀብት እንዲለይ፣ ከጃፓን እንድንማር ጠየቀ። ንጉሡ ቤት የሠራ ሰው ይህን መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ነው። የሀብት ምንጩ ሥራ ነው ይላል። መሣሪያና ዕውቀት ያለው ሕዝብ የአንድ ቀን ሥራውን፣ ዕውቀት ከሌለው ሕዝብ የብዙ ቀን ድካም ጋር ይለውጣል። ማንም ሳይሰርቅ፣ ሁለቱም ወደው ሲገበያዩ፣ አንዱ ይከብራል፣ ሌላው ይደኸያል። እኔ ምርታማነትን በውጭ ዩኒቨርሲቲ በቀመር ነው የተማርኩት። እሱ የድሬዳዋ ጉምሩክ ኃላፊ ሆኖ የሚወጣውን ጥሬ ዕቃና የሚገባውን የተሠራ ዕቃ በዓይኑ አይቷል።

በ1919 ሞተ። መጽሐፉ በ1924 ታተመ፤ በ1995 ለንደን በእንግሊዝኛ ወጣ።

እኔ መጽሐፉን ያገኘሁት ዘግይቼ፣ እዚህ ሲያትል ነው። ከተማዋ በቡና ከብራለች። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌን፣ ሐረርንና ሲዳሞን በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትጠይቅ ከዚህችው ከተማ ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ክርክር ተነሳ፤ በ2007 በስምምነት አለቀ። ማታ ማታ ገብረ ሕይወትን ሳነብ አጠገቤ የሚቀመጠው የይርጋ ጨፌ ቡና ነው፤ ተቆልቶና ታሽጎ ከዚሁ ሱቅ የገዛሁት። እሱ ተምሮ ተመልሷል። እኔ ሃያ ዓመት ሆነኝ።